ካሩ ስሟን ያዋሰች ጊዜ

ካሩ በካሜራ ፊት መቆም የጀመረችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። መቆም እንኳ አይባልም፤ እናቷ ቹኮ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ጢማም ሰዎች «ሕፃኗ ታልቅስልን» ብለው ለመኑ። ሕፃኗ ጠግባ ስለነበር ሳቀች። ጢማሞቹ ትዕግሥተኞች ስለነበሩ ጠበቁ፤ ወደ ማታ ሲሆን ራባትና አለቀሰች፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በጁትዋን ሕዝብ አገር፣ ከቹምክዌ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ብዙ ነው። ካሜራ የቀረበት ዓመት ግን የለም።

ሥራው ቀላል ነው። መኪና ሲመጣ ቀሚስ ይወልቃል፣ ቆዳ ይታጠቃል። የፕላስቲኩ ባልዲ፣ ሬዲዮኑ፣ የባሏ የዳቤ የኳስ ማልያ ከጎጆ ጀርባ ይሸሸጋሉ። «እኛን እንዳላያችሁን ሆናችሁ ከዚያ ማዶ ኑ» ይባላሉ፤ እንዳላዩ ሆነው ይመጣሉ። «አሁን ደግሞ ሥር ቆፍሩ» ይባላሉ። ካሩ ለዚህ ለዚህ ያስቀመጠችው አንድ ወፍራም ሥር ነበራት። ካሜራው ሲሄድ መልሳ ትቀብረዋለች፣ ሌላው ሲመጣ ቆፍራ ታወጣዋለች፣ ስታገኘው ደግሞ ትደነግጣለች። ያ ሥር በብዙ አገር ቴሌቪዥን ታይቷል። በመጨረሻ ምስጥ በላው።

ሠርጓም እንደዚያው ነበር። የዚያን ጊዜው ፊልም ሠሪ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተይዞበት አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። «ድጋሚ ተጋቡልኝ» አለ። ተጋቡለት። ዳቤ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በተጣሉ ቁጥር፣ «ሁለቴ ያገባሁሽ አንዷ ብትሄድ አንዷ ትቀረኛለች ብዬ ነው» ይላታል።

ስለዚህ የቁጥቋጦ ሰዎች ሕይወት የሚባለውን ነገር ካሩ እንደ ማንኛውም ሥራ ታውቀዋለች፤ ጧት ይገቡበታል፣ ማታ ይወጡበታል። ከወጡ በኋላ ያው የበቆሎ ገንፎ፣ ያው ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ያው ዝሆን የሰበረው የውኃ ፓምፕ ይጠብቃቸዋል። ፓምፑን ቀርጾ የሄደ ሰው የለም። ጥንታዊ አይደለማ።

አኔሊዝ ስትመጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ። ከዋና ከተማው ከዊንድሁክ የመጣች፣ አያቶቿ ጀርመኖች የሆኑ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ፊልም አልሠራም፣ የምሠራው የቪዲዮ ጥበብ ነው አለች። ዳቤ ልዩነቱን ጠየቃት።

«ፊልም ታሪክ አለው» አለችው በአፍሪካንስ ቋንቋ። «የኔ ታሪክ የለውም። በሦስት ግድግዳ ላይ ባንድ ጊዜ ነው የሚታየው።»

«ታሪክ ከሌለው ሦስት ግድግዳ ምን ያደርግለታል?»

«ሰው መሃሉ ቆሞ ይሰማዋል።»

«ምን ይሰማዋል?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቀው» አለችና በገዛ ጥያቄዋ ተመሰጠች።

ልብስ አውልቁ አላለችም፤ ይህን ካሩ ወደደችላት። እንዲያውም ዳቤን ማልያህን ካልለበስክ ብላ ያዘችው። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጥላው እስኪዞር ድረስ ቀረጸች። የካሩን ተረከዝ ቀረጸች። «ማንነትሽን ስታስቢ ምን ይሰማሻል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ካሩ አሰብ አድርጋ «ጉልበቴን» አለቻት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡልኝ አለች፤ ችግር የመጣው ያኔ ነው። የጁትዋን ሰው ራቁትህን ሁን ቢሉት ይሆናል፤ ዝም በል ቢሉት ግን ይታመማል። ቹኮማ አፏን ስትይዝ ዓይኗ ውኃ ያቀራል።

«ዝምታችሁ ውስጥ ብዙ ነገር አለ» አለች አኔሊዝ ከካሜራው ኋላ ሆና።

«የኔ ዝምታ ውስጥ ያለው ሽንት ነው» አለች ቹኮ። «ደግፋችሁ አንሡኝ።»

«ምንም አይደል፣ ድምፁን በኋላ አወጣዋለሁ» አለች አኔሊዝ።

ስሙ የተሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። በጁትዋኖች ዘንድ ሞክሼነት ቀልድ አይደለም። ስምህን የያዘ ሰው እናትህ እናቱ፣ አማትህ አማቱ ናት፤ የምትፈራውን ይፈራል፣ የምትቀልድበትን ይቀልድበታል። ማን ለማን ምን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ታላቅ ሞክሼ ነው፤ ታናሹ የታላቁን አፍ ያያል። ስም ያልተሰጠው እንግዳ ግን ከምንም አይቆጠርም። ልትሰድበው እንኳ አትችልም፤ ስድብ የሚፈቀድበት ዘመድ ይሁን የማይፈቀድበት በምን ታውቃለህ? አኔሊዝ ሳምንታት ሙሉ ተቀምጣ ማንም አልሰደባትም። እሷ ያከበሯት መስሏት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞንጎንጎ የሚባለውን ጠንካራ ፍሬ በድንጋይ ሲሰብሩ አለቀሰች። አያቴ መሬት ወሰደ፣ አባቴ አጥር አጠረ፣ እኔ ግን የትም የለሁም አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የአኔሊዝም እንባ አልገደደም፤ ካሜራውን በጥሩ ቦታ ካስቀመጠች በኋላ ነበር የጀመረችው። ካሩ ግን አዘነችላት። ሰው ፊት ለፊትህ እያለቀሰ ፍሬ አይሰበርም።

«በቃ፣ አንቺም ካሩ ሁኚ» አለቻት። ድስት ማዋስ መስሏት ነበር።

ቹኮ ቀና አለች። «ሰጠሻት?»

«ሰጠኋት።»

«ስም እኮ ከወጣ አይመለስም።»

«ምን ታደርገዋለች፣ እማ? ነገ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች።»

«እንግዲያ እናቷ ሆኛለሁ» አለች ቹኮና እጇን ወደ አኔሊዝ ዘረጋች። «አንቺ ቀርፋፋ፣ የምን ማልቀስ ነው? ትምባሆዬን አምጪ!»

አኔሊዝ በደስታ ተንቀጠቀጠች፤ በመጨረሻ ተሰደበች። ትምባሆውንም አመጣች፤ እስክትሄድ ድረስ በየቀኑ አመጣች። ይህ አይካድም።

እሷ ከሄደች በኋላ ካሩ አንድ ሐሳብ ያዛት። ተረከዟን ሲቀርጹት ሥራ ፈትታ ተቀምጣ የመጣላት ሐሳብ ነው፤ ይህንንማ እኔም እችላለሁ የሚል። ዳቤ ያመጣላት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበራት። ወንበር አልቀረጸችም፤ ወንበር ሁሌም አለ። የቀረጸችው እናቷን ነው። ቹኮ ሻይ ሲያሞቃት ወደ መንደር የመጡትን ፊልም ሠሪዎች አንድ በአንድ ታስመስላለች። እንጨት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጢማሙን ትሆናለች፣ «እንዳላየሽኝ ሆነሽ ነይ!» እያለች ወደ ኋላ ስትሄድ እሾህ ላይ ትቀመጣለች። ላቡን እየጠረገ ጥንታዊ ነገር የሚለምነውን ትሆናለች። ካሜራዋን አስተካክላ የምታለቅሰዋንም ትሆናለች። ካሩ ስልኩን ከዱቄት ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ ሁሉንም ያዘችው።

መልሳ ስታየው ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ጥሩ ነበር፣ ከምር ጥሩ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው ሲያሳያት እንጂ እሷ ለሰው ያሳየችው አንድም ነገር አልነበረም። ይህ እንዲታይላት ፈለገች፤ ከሥሩም ካሩ ተብሎ እንዲጻፍበት። ከዚያ የበለጠ አልተመኘችም፣ ከዚያ ባነሰ ግን አትስማማም።

ሬዲዮኑ ዊንድሁክ ውስጥ የነባር ሕዝቦች የቪዲዮ ኤግዚቢሽን እንደሚከፈት፣ ስሙም «በገዛ ዓይናችን» እንደሆነ፣ ከየመንደሩም አንድ አንድ ሠሪ እንደሚቀርብ ተናገረ። ካሩ ኔትዎርክ ፍለጋ ቹምክዌ ድረስ ሄዳ ደወለች። ያነሣው የአዳራሹ ኃላፊ ነበር፤ ፌስቱስ ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው።

«ከየት መንደር ነው፣ ሜሜ?» አላት፣ እዚያ ሴት በሚከበርበት አጠራር። ነገረችው። «ስምዎትስ?»

«ካሩ።»

«እርስዎማ ቀድመው ገብተዋል እኮ!»

«ማን አስገባኝ?»

«ራስዎ ነዎታ። ካሩ፣ የጁትዋን አርቲስት፣ የሕዝቧ ድምፅ። ሦስት ግድግዳ ተሰጥቶዎታል። ፎቶዎትም እዚሁ አለ፤ ፀጉርዎ አጭር፣ ዓይንዎ ሰማያዊ…» ድምፁ ትንሽ አመነታ። «የመብራቱ ነገር ይሆናል።»

«እኔ ነኝ እኮ ካሩ!»

«ልክ ነዎት፣ ሜሜ። ለዚያ ነው ሁለት ጊዜ መግባት የማይቻለው።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። አኔሊዝን ግን እንዴት አድርጎ አደመቃት!

ካሩ መንደር ደርሳ የሆነውን በንዴት ተናገረች። ዳቤ «ስሜን መልሺ በያት፣ ምን ያስጨንቅሻል» አላት። ስም አይመለስም። ሕጉን አኔሊዝ አውጥታው ቢሆን ይቀልላት ነበር፤ የራሷ ሕግ ነው ያሰራት። ቢሰርቋት ሌባ ብላ ትጮህ ነበር። በገዛ እጇ የሰጠችውን ምን ብላ ትጩህ?

«እንሂድ» አለች ቹኮ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ልጄ ከሄደች አላየኋትም።»

«ልጅሽ እኔ ነኝ፣ እማ።»

«አንቺንማ በየቀኑ አይሻለሁ።»

እስከ ግሩትፎንቴን ከተማ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄዱ። የደረሱት በመክፈቻው ዕለት ነው። አዳራሹ ጥቁር በለበሰ ሰው ተሞልቷል፤ ለቅሶ እንዳይባል ሁሉም ወይን ይዟል። በር ላይ የቆመችው ሴት እናትና ልጅን ስታይ ፊቷ በራ፤ «ጨፋሪዎቹ መጡ!» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች።

በአንደኛው ግድግዳ ላይ የካሩ ተረከዝ አለ፤ ጎጆ ያህላል። በሁለተኛው ላይ ቹኮ አፏን ይዛ በዝግታ ዓይኗን ትከድናለች። በሦስተኛው ላይ ወንበሩ አለ። ከላይ የአኔሊዝ ድምፅ ብቻ «ሕዝቤ ዝም ይላል፤ ዝምታው ምድሩ ነው» ይላል። ሰዎቹ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዝናሉ።

«ውይ፣ ያኔ እኮ ሽንቴ መጥቶ ነው» አለች ቹኮ፣ ጮክ ብላ።

«እሽሽ!» አላት አንዱ። የግድግዳዋን ቹኮ በደንብ ለማየት ሲል አጠገቡ የቆመችውን ቹኮ ዝም አሰኛት።

አኔሊዝ አየቻቸው። የሰጎን እንቁላል ጨሌ አንገቷ ላይ ደርድራለች። ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው፣ አለቀሰች፣ ማይክራፎን ያዘችና «እናቴና ታላቅ ሞክሼዬ!» ብላ አስተዋወቀቻቸው። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ካሩ ስልኩን አውጥታ የመጣችበትን ተናገረች፤ በሰው ሁሉ ፊት። አኔሊዝ መስጠት ነበረባት፤ ደግነት ደግሞ ያምርባታል። «ሦስተኛው ግድግዳ የእህቴ ይሁን!» አለች። ወንበሩ ጠፋ፣ ፌስቱስ ቪዲዮውን ከስልኩ ወደ ማሽኑ ገለበጠ፣ ቹኮም ግድግዳው ላይ ወጣች፤ ከነድምጿ።

ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ። ሊያዝን ተዘጋጅቶ መጥቶ የሚያዝንበት አጣ። ቹኮ ወደ ኋላ እየሄደች እሾሁ ላይ ስትቀመጥ ግን አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ላቡን እየጠረገ የሚለምነውን ሰው ቃሉ ባይገባቸውም አወቁት፤ ከመሃላቸው አንዳንዱ ራሱን ሳያውቅ አልቀረም። ካሩ ግድግዳውን ትታ የሚስቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች።

ከዚያ አንድ ባለ መነጽር ሽማግሌ መጣና የአኔሊዝን እጅ ጨበጠ። «ካሩ፣ እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። በራስሽ ላይ እንዲህ መሳቅሽ!» ሌላዋም መጣች፤ «ሦስተኛው ግድግዳማ ልዩ ነው፣ ካሩ» አለቻት። ሰዎቹ ምን አጠፉ? ከሥሩ የተለጠፈው ካርድ ካሩ ይላል። አኔሊዝ ቀላች። አፏን ከፈተች። ካሩ ጠበቀች።

«እኔና እሷ» አለች አኔሊዝ በማይክራፎኑ፣ «በባህላችን አንድ ሰው ነን።»

ጭብጨባው ከቅድሙ በረታ።

ካሩን ያንገበገባት እውነት መሆኑ ነው። ሞክሼ አንድ ነው፤ ራሷ አስተምራታለች። ነገር ግን አኔሊዝ ሕጉን ጠርታ ያቆመችው ደስ በሚለው ቦታ ላይ ነበር፤ ቀሪው አለ። ካሩ ማይክራፎኑን ከእጇ ወሰደችባት።

«እውነቷን ነው፣ አንድ ነን» አለች። «ታላቋ ግን እኔ ነኝ። ታላቅ ያለው ይሆናል፤ እንዲያ አይደል፣ ካሩ?»

«እንዲያ ነው» አለች አኔሊዝ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እንግዲያ እናታችን ይህችውልሽ። እኔ ስንት ዘመን ያዝኳት፣ ደከመኝ፤ ተራው ያንቺ ነው። ነገ በአውቶቡስ ይዘሻት ትሄጃለሽ። ጧት እግሯን ካላሸሽላት አትነሣም። ውኃው ሩቅ ነው፣ ፓምፑን ዝሆን ሰብሮታል። ዳቤም ባልሽ ነው፤ ያንኮራፋል፣ በክርንሽ ጎኑን በይው። ያንቺን ሥራ እኔ እሠራልሻለሁ። እዚህ ቆሜ ሲጨበጨብ ጎንበስ እላለሁ፤ ከባድ አይመስልም።»

ሰዉ ሳቀ። አኔሊዝም ሳቀች፤ መጀመሪያ ያቆመችውም እሷ ናት። ቹኮ መጥታ የፕላስቲክ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለችላትና «በይ፣ አንቺ ቀርፋፋ፣ በጊዜ እንተኛ፤ አውቶቡሱ ማልዶ ነው» አለቻት። ቹኮ አትቀልድም ነበር።

«ካሩ» አለች አኔሊዝ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ «ይሄ እኮ ምሳሌያዊ ነው።»

«እናት ምሳሌ ናት?» አለች ካሩ። ማይክራፎኑ ገና እጇ ላይ ነበር።

አኔሊዝ ቦርሳውን አየች፣ ቹኮን አየች፣ ፌስቱስን አየች፤ ፌስቱስ ጣሪያውን ያይ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በርሊን እንደምትጠበቅ ተናገረች። በመጨረሻ ቦርሳውን መልሳ ለቹኮ ሰጠቻትና፣ ለመሰማት ያህል ብቻ፣ «ስሜ አኔሊዝ ነው» አለች።

ካሩ አዘነችላት። ከምሯን ነው ያዘነችው፤ ያቺ ሴት ያን ስም ስትናገር የሰው ልብስ የተገፈፈች ትመስል ነበር፣ ግን የራሷ ስም ነበር። ፌስቱስ ካርዶቹን ለወጠ፤ ሁለቱ ላይ አኔሊዝ፣ ሦስተኛው ላይ ካሩ። ካሩ ሦስተኛውን በጣቷ ነካችው። ለጥቂት ጊዜ በዓለም ላይ የቀራት ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ቹኮ አልተናገረችም። ቹኮ ሳትናገር ግማሽ መንገድ ሄደች፤ ካሩ ታመመች ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። መኪናው ለነዳጅ ሲቆም ሁለት ቦምቦሊኖ ገዝታ አንዱን ሰጠቻት።

«ልጄን አባረርሽብኝ» አለች ቹኮ በመጨረሻ።

«ራሷ ናት የሄደችው። ቦርሳሽን ስትመልስልሽ አላየሻትም?»

«ትምባሆ ታመጣልኝ ነበር።»

«እኔ አመጣልሻለሁ፣ እማ።»

«ስትቀርጸኝም ነግራኝ ነው። ዝም በይ አለችኝ፣ አሰለቸችኝ፣ ግን ካሜራዋን እያየሁት ነው። አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?»

ካሩ ማኘኳን አቆመች። «እኔ ልጅሽ ነኝ እኮ።»

«እሷም ልጄ ነበረች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የማስመስለው ላንቺና ለዳቤ ነው። ጥርስ እንደሌለኝ ያ ሁሉ ወይን ጠጪ ይወቅ ያለሽ ማነው?»

ከባሕር ማዶ የመጡት እንኳ «እንዳላየሽን ሁኚ» ብለው ይለምኑ ነበር። ካሩ ግን ያን ያህል ልመና እንኳ አላቀረበችላትም፤ እናቷ እውነትም ስልኩን አላየችውም ነበር። አፈረች።

«ከግድግዳው ላይ ላስወርደው? አሁኑኑ ብደውል ይወርዳል።»

ቹኮ ቦምቦሊኖዋን አላመጠች፤ በድድ ሲሆን ጊዜ ይወስዳል።

«አይወርድም» አለች። «ሲስቁ ሰምቻለሁ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስመሰልኩት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ፍላጻው የማን ነው?» አለች ቹኮ።

ካሩ ገባት። በጁትዋኖች አደን የሥጋው ባለቤት የወጋው ሰው አይደለም፤ ፍላጻውን የሰጠው ነው። ወጊው የቱንም ያህል አነጣጣሪ ቢሆን ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይጠብቃል።

«ያንቺ ነው፣ እማ።»

«እንግዲያስ።»

ካሩ ደወለች። ፌስቱስ ደስ ብሎት ነበር፤ ሦስተኛው ግድግዳ ፊት ሰው ቆሞ እየሳቀ መሆኑን፣ አንድ ጋዜጠኛም ካሩን ካላገናኛችሁኝ እያለ መሆኑን ነገራት።

«ካርዱን ለውጠው» አለችው።

«ደግሞ? ምን ልበለው፣ ሜሜ?»

«ቹኮ በለው።»

«ቹኮ ማናት?»

«የሠራችው።»

«ካሩ የሚለውንስ? ከሥር በትንሹ ልተወው?»

ካሩ እናቷን አየቻት። ቹኮ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች፤ ለመለመንም ለመፍረድም የመጣች አትመስልም። ዕሺ በትንሹ ተወው ለማለት ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«አውጣው» አለች።

ስልኩን ዘጋች። ቹኮ ዞር ሳትል እጇን ዘርግታ የካሩን ቀሪ ቦምቦሊኖ ወሰደችባት።